ከበሩ በፊት ግድግዳው

ኩዌት ከተማ ውስጥ፣ ሸራተን ሆቴል አጠገብ ባለው አደባባይ ላይ አንድ የጭቃ ቀለም ያለው የድሮ በር ቆሞ ይታያል። ጀህራ በር ይሉታል። መኪናው በዙሪያው ይሽከረከራል እንጂ በውስጡ አልፎ ወደ ከተማ የሚገባ የለም። በሩ በ1920 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሼኽ ሳሊም አል ሙባረክ ዘመን የተሠራው ሦስተኛው የከተማዋ ቅጥር አካል ነበር። ከመካከለኛው ዓረቢያ፣ ከነጅድ በኩል የሚመጣው ኢኽዋን የተባለ ጦር ስላሰጋቸው የከተማው ሰዎች ተረባርበው ቅጥሩን በጥቂት ወራት አቆሙት። ዳስማን፣ ቡረይዒሲ፣ ሻሚያ፣ ጀህራና መቅሰብ የሚባሉ በሮች ነበሩት። ሲመሽ ይዘጉ ነበር። በ1957፣ ከተማዋ በነዳጅ ገንዘብ ስትሰፋ ቅጥሩ ፈረሰ፤ በሮቹ ለመታሰቢያ ቀሩ።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። የጀጎል ግንብ ዛሬም ስላለ ሸዋ በርም ኤረር በርም ዛሬም በር ናቸው፤ ከከተማው ለመውጣት ወይም ለመግባት ታልፉባቸዋላችሁ። የኩዌቱ ጀህራ በር ግን ቅርሱ እንደ ቆመ ሥራው ጠፍቷል። መዝጊያውን ብትዘጉት ማንም አይቀርም፣ ብትከፍቱት ማንም አይገባም።

በቪዲዮ ጌም ውስጥ በር እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል መነሻ አላገኘሁም። ኩዌት ውስጥ፣ ሳልሚያም ይሁን ፈርዋኒያ፣ ልጅ ባለበት ቤት የሚሠራ ወይም ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ «በሩ አልከፈት አለኝ!» የሚል ጩኸት ከሳሎን ሰምቶ ያውቃል። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ሆኖ ይታለፋል እንጂ፣ ከዚያ በር ጀርባ ያለው አሠራር ብዙ የተጨነቁበት ጥበብ ነው። ጥበቡን ለመረዳት ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ነው፤ በሩ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

በጌም ውስጥ ያለ ግድግዳ ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ሰው አያቆምም። የሚያቆመው ከሥዕሉ ጋር የተቀመጠ የማይታይ ሳጥን ነው። ልጁ ገጸ ባሕርይውን ወደ ፊት ባስኬደው ቁጥር ኮምፒውተሩ «አሁን የሚረግጥበት ቦታ ከሳጥኑ ጋር ይጋጫል ወይ?» ብሎ ያሰላል። ከተጋጨ እርምጃውን ይሰርዘዋል። ይህ ስሌት በሴኮንድ ሠላሳ ወይም ስድሳ ጊዜ ይደገማል። እንግዲህ የጌም በር ማለት ይኸው ሳጥን ሆኖ፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ከቦታው የሚነሣ ነው። የእንጨቱ መልክ፣ የማጠፊያው ሲጥሲጥታ፣ እጀታውን የሚጨብጠው እጅ ሁሉ በኋላ የሚለበስ ልብስ ነው።

ስሌቱ በእርምጃ የተቆራረጠ መሆኑን ልብ በሉ። እውነተኛ ሰው ከዚህ ወዲያ ሲሄድ በመካከል ያለውን ቦታ ሁሉ ያልፋል። የጌም ሰው ግን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ይዘላል። ዝላዩ ከበሩ ውፍረት ከበለጠ፣ ኮምፒውተሩ ግጭቱን ሳያይ ሰውየው ወዲያ ማዶ ይገኛል። በ1996 በወጣው ሱፐር ማሪዮ 64 ይህ በግልጽ ታይቷል። በጨዋታው ቤተ መንግሥት ውስጥ በሮች የሚከፈቱት በተሰበሰበ ኮከብ ብዛት ነው፤ አንዱ 8፣ ሌላው 30፣ ሌላው 50 ኮከብ ይጠይቃል። ሠሪዎቹ ስለ ዝላዩ አስበውበት የጨዋታውን ጀግና የማሪዮን ጉዞ በየስሌቱ ዙር በአራት ቆራርጠው ይፈትሹታል። ግን ማሪዮ ወደ ኋላ እየዘለለ ሲሄድ ፍጥነቱ የሚገታበት ወሰን ሳያበጁለት ቀሩ። ተጫዋቾች ይህን ደረሱበትና ፍጥነቱን እያጠራቀሙ፣ በሩን ሳይከፍቱት አልፈውት ይሄዳሉ። አራቱ ቁራጮች ራሳቸው ከበሩ ውፍረት በልጠዋልና።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረኝ የዱም በር ነው። ዱም በ1993 የወጣ፣ ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሠራው የተኩስ ጨዋታ ነው። በሮቹ ሁሉ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገፋ አንድም የለም። ኩዌት፣ ሐወሊ ውስጥ ማታ ማታ ባለሱቆች የሚጎትቱትን የብረት መዝጊያ ይመስላሉ። ብዙ ሰው ይህን የመልክ ምርጫ አድርጎ ያስበዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

የዱም ካርታ እንደ መሐንዲስ የቤት ፕላን ከላይ የታየ ሥዕል ነው፤ መስመሮች አሉ፣ በመስመሮች የተከለሉ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ አንዱ የወለሉ ከፍታ፣ ሌላው የጣሪያው ከፍታ ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ደካማ ስለ ነበር፣ የትኛው ግድግዳ ከየትኛው ፊት እንደሚሣል የሚወስነው ስሌት ጨዋታው ከመሸጡ በፊት ተሠርቶ ያልቃል። ስለዚህ በጨዋታው ጊዜ መስመሮቹን ማንቀሳቀስ አይቻልም። በማጠፊያ የሚዞር በር ማለት የሚንቀሳቀስ መስመር ነውና የተከለከለ ነበር። የሚቀየሩት ሁለቱ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ሠሪዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ጣሪያው ወለሉ ድረስ የወረደ አንዲት ጠባብ ክፍል ሠሩ። ያቺ ክፍል የተዘጋ በር ናት። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን የጣሪያው ቁጥር ይጨምራል፤ በሩ ተነሣ እንላለን። በሩ የሚባለው ጣሪያው ነው።

ጊዜውም ተቆጥሯል። የዱም ሰዓት በሴኮንድ 35 ጊዜ ይመታል። ተራው በር ተከፍቶ ለ150 ምት፣ ማለትም ለአራት ሴኮንድ ከትንሽ፣ ይቆይና መውረድ ይጀምራል። ሲወርድ ሰው ወይም ጭራቅ ከሥሩ ካገኘ መልሶ ወደ ላይ ይነሣል። ይህችን ትንሽ ርኅራኄ ልጆች ሳያውቁት ይጠቀሙባታል፤ በሩ ሥር ቆመው ክፍት ያቆዩታል።

ሌላም አለ፤ ለእኔ የጨዋታው ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ ሲተኩስ ድምፁ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ክፍተት ባለበት ሁሉ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ ድምፁ የደረሰበት ጭራቅ ይነቃል። የተዘጋ በር ጣሪያውና ወለሉ ስለ ተገናኙ ክፍተት የለውም፤ ድምፅም አያሳልፍም። በሩን ከከፈታችሁ በኋላ ብትተኩሱ ግን ወዲያ ማዶ ያለው ክፍል በሙሉ ይሰማችኋል። ስለዚህ የዱም በር ሰውነትን ብቻ ሳይሆን ወሬንም ያግዳል። ጎበዝ ተጫዋች በር ከመክፈቱ በፊት ይህን ያስባል፤ ማንም ሳያስተምረው ከጨዋታው ይማረዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ስፋት። በድሮዎቹ የኩዌት ቤቶች ደጃፍ ላይ «ባብ ቡ ኾኻ» የሚባል በር አለ። ከባድ የእንጨት መዝጊያ ነው፤ በትልቁ መዝጊያ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ በር ተቆርጦ ይሠራበታል። ትልቁ የሚከፈተው ትልቅ ጭነት ሲገባ ነው። ለዕለት ተዕለት መውጫ መግቢያ ትንሿ ትበቃለች፤ ግን ጎንበስ ብሎ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማለፍ ይጠይቃል። የገባው ሰው አንገቱን ደፍቶ ስለሚገባ ቤተኛው ቀድሞ ያየዋል።

ይህን በር ለጌም ሠሪ ብታሳዩት ያዝናል። በብዙ ጨዋታዎች የገጸ ባሕርይው አካል ለስሌት ሲባል ጫፉ ክብ የሆነ ቀጥ ያለ ክኒን ሆኖ ይያዛል፤ ጎንበስ ማለትና እግር ማንሣት ተጨማሪ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ችግር የምትሆነው ካሜራዋ ናት። ካሜራዋ ከተጫዋቹ ጀርባ ጥቂት ርቃ ትከተላለች፤ እሱ በጠባብ በር ሲያልፍ እሷ ከመቃኑ ጋር ትላተማለች፣ ወይም ግድግዳው ይጋርዳታል። ስለዚህ የጌም ቤቶች በሮች ከእውነተኞቹ ሰፊና ረጃጅም ሆነው ይሠራሉ፤ ኮሪደሩም ጣሪያውም አብሮ ያድጋል። ልጁ ጨዋታውን ሲያይ ይህ ትልቅነት አይታወቀውም። በእውነተኛው ልክ ቢሠራ ኖሮ ግን በየበሩ እየተደናቀፈ ይማረር ነበር።

ኩዌት በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ድርሻ አላት። በ1982 ሙሐመድ አል ሻሬኽ የተባሉ ኩዌታዊ ነጋዴ ሰኽር የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሰኽር ዓረብኛ የሚያነብና የሚጽፍ የቤት ኮምፒውተር ለዓረቡ ዓለም አቀረበ፤ ከ1990ው የኢራቅ ወረራ በኋላ ሥራው ወደ ካይሮ ዞረ። ኮምፒውተሩ የተሠራው ኤምኤስኤክስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ ስለ ነበር፣ ለዚያ ደረጃ የተሠራ የጨዋታ ካርትሪጅ ይሠራበታል። በሰማንያዎቹ ያደጉ ብዙ የዓረብ ልጆች የመጀመሪያ የጌም በራቸውን ያዩት በዚህ መንገድ፣ ኮናሚ በተባለው የጃፓን ድርጅት ጨዋታዎች ነው። በ1985 በወጣው ኪንግስ ቫሊ ፒራሚድ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ከክፍሉ ዕንቁዎች አንዷ እንኳ ከቀረች መውጫው አይከፈትም። በ1986 በወጣው ቫምፓየር ኪለር ደግሞ ከየደረጃው ለመውጣት ነጯን ቁልፍ ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው በ1987 ለኤምኤስኤክስ 2 የወጣው ሜታል ጊር ነው። በጠላት ምሽግ ውስጥ ያሉት በሮች ከ1 እስከ 8 ቁጥር በተሰጣቸው ካርዶች ይከፈታሉ። ካርዱ በኪሳችሁ መኖሩ አይበቃም፤ መርጣችሁ በእጃችሁ መያዝ አለባችሁ። በእጅ የሚያዘው ዕቃ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። አሁን መርዝ ጋዝ የሞላበት ክፍል አስቡ። ጋዙን የሚከላከለውን ጭምብል ካደረጋችሁ ካርድ መያዝ አትችሉም፤ ካርዱን ከያዛችሁ ጭምብሉ ይወልቃል። ስለዚህ በሩ ፊት ስትደርሱ ጭምብሉን አውልቃችሁ፣ እየተመረዛችሁ፣ የትኛው ካርድ እንደሆነ መፈለግ ግድ ይላችኋል። በአንድ ቀላል ሕግ፣ አንድም ቃል ሳይነገር፣ በሩ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ሆነ። ይህ የሂዲዮ ኮጂማ የመጀመሪያ የታወቀ ሥራው ነው፤ እኔ ዛሬም ከሚያብረቀርቁት አዳዲስ በሮች ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ቁልፍ ሲነሣ ዲዛይነሩ የሚፈራው አንድ አደጋ አለ። በ1986 በወጣው ዘልዳ በሚባለው ጨዋታ ትንንሾቹ ቁልፎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የትኛውም ቁልፍ የትኛውንም የተቆለፈ በር ይከፍትና ይጠፋል። እስኪ በእጃችሁ አንድ ቁልፍ ይኑር፤ ከፊታችሁ ሁለት የተቆለፉ በሮች ይኑሩ። ከግራው ጀርባ ሌላ ቁልፍ አለ፤ ከቀኙ ጀርባ ገንዘብ ብቻ። ቀኙን ከከፈታችሁ ቁልፋችሁ አለቀ፤ ወደ ግራ መግባት አትችሉም፤ ጨዋታው እዚያው ቆመ። ስለዚህ ሠሪው ተጫዋቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢከፍት መውጫ እንዳያጣ አድርጎ ቁልፎቹን ማስቀመጥ አለበት። ዘልዳ ለዚህ ማስታገሻ አበጅቷል፤ ቁልፍ ከሱቅ ይሸጣል። በሮቹ በቀለም ሲለዩ ግን፣ ዱም ላይ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ እንዳለው፣ ይህ ስጋት አይኖርም፤ ቀዩ ካርድ ቀዩን በር እንጂ ሌላውን አይነካም። በዚያ ላይ ቀይ በር አይታችሁ ካለፋችሁ በኋላ ቀዩን ካርድ ስታገኙ የት መመለስ እንዳለባችሁ ልባችሁ ያውቀዋል። የተዘጋው በር ቀድሞ መታየቱ ነው ቁልፉን ውድ የሚያደርገው።

ስለ በር ድብቅ ሥራ ደግሞ ሬዚደንት ኢቭል ያስተምረናል። በ1996 በፕሌይስቴሽን የወጣ፣ ካፕኮም የሠራው አስፈሪ ጨዋታ ነው። በር በከፈታችሁ ቁጥር ስክሪኑ ይጨልማል፤ በሩ ብቻውን በጥቁር መሀል ይታያል፤ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ካሜራዋ ወደ ጨለማው ትገባለች። ከዚያ አዲሱ ክፍል ይመጣል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዋና ሚሞሪ ሁለት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሲዲውን የሚያነበው በሴኮንድ 300 ኪሎባይት ያህል ነው። አንድ ሜጋባይት ብቻ ለማንበብ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ሁለት ክፍል አብሮ ሚሞሪ ውስጥ መያዝ ስለማይቻል፣ የነበራችሁበት ይጠረጋል፣ ቀጣዩ ይጫናል። በሩ ቀስ ብሎ የሚከፈተው ይህ እስኪያልቅ ነው።

ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ የማይነገረው ግን ያው ካፕኮም በ1989 ፋሚኮም ለተባለው የጌም ማሽን በሠራው ስዊት ሆም በሚባል ጨዋታ ላይም ይህ የሚከፈት በር መኖሩ ነው። ፋሚኮም የሚጫወተው በካርትሪጅ ነውና እንደ ሲዲ የሚያስጠብቅ ንባብ የለውም። በሩ እዚያ የተቀመጠው ልብ ለማንጠልጠል ነበር። ሬዚደንት ኢቭል ያንን ወርሶ ለማስጠበቂያም አዋለው። ዛሬ ፕሌይስቴሽን 5 በሴኮንድ 5.5 ጊጋባይት ሲያነብ የማስጠበቁ ምክንያት ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ የአስፈሪ ጨዋታ በር ግን አሁንም በዝግታ ነው የሚከፈተው።

ከዚህ አሠራር አንድ ሕግ በተጫዋቹ ልብ ተተከለ። ክፍሉ ስለሚጠረግ በውስጡ የነበረው ዞምቢ አይከተልም፤ በር ያለፈ ሰው ተርፏል። በ1999 በወጣው ሬዚደንት ኢቭል 3 ካፕኮም ይህን እምነት አፈረሰው። ኔሜሲስ የሚባለው ጭራቅ በበሩ ተከትሎ ይገባል። በሩ ከተዘጋ በኋላ እፎይ ብሎ የተቀመጠ ልጅ፣ በሩ ዳግም ሲከፈት የሚሰማውን አስቡት። ጭራቁ ብርቱ ስለሆነ ብቻ አይደለም ያስፈራው፤ ለሦስት ዓመት የታመነውን በር ስለ ናደው ነው።

እስካሁን ያየናቸው የሚከፈቱ በሮች ናቸው፤ የማይከፈቱም አሉ። ሐወሊ ያለው የአል ሪሓብ ኮምፕሌክስ የጌም ሱቆች የሞሉበት ነው፤ ኩዌት ውስጥ ያለ ተጫዋች ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ የምታዩአቸው ጨዋታዎች ከተሞችን በሙሉ የያዙ ናቸው፤ በከተሞቹ ያሉት በሮች አብዛኛዎቹ ግን ሥዕል ናቸው። ሁሉንም ለመክፈት ከያንዳንዱ ጀርባ ክፍል መሥራት ይጠይቃል። ስለዚህ የሚከፈተውን ከማይከፈተው የሚለይ ምልክት ያስፈልጋል፤ ብርሃን፣ የተለየ ቀለም፣ እጀታ። ልጁ «አልከፈት አለኝ» ብሎ ሲጮኽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሠሪው ምልክቱን አደብዝዞታል።

ሊዝ ኢንግላንድ የተባለች የጌም ዲዛይነር በ2014 «የበር ችግር» ብላ በጻፈችው ጽሑፍ ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ያስረዳችው በበር ነው። በጨዋታው ውስጥ በር አለ ወይ? ተጫዋቹ ሊከፍተው ይችላል ወይ? ተቆልፎ ከሆነ በምን ያውቃል? እያለች ትጠይቃለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ድምፅ የሚሠራው፣ ሥዕል የሚሠራው፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሁሉ ለአንዱ በር የየራሱን መልስ ማምጣት አለበት። በ2020 የወጣውን ዘ ላስት ኦቭ አስ 2ን ከመሩት አንዱ ኩርት ማርጌናውም በጨዋታው ውስጥ በቅጡ እስኪሠራ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደው በር እንደ ነበር በ2021 ተናግሯል። አይገርመኝም። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ ይሸሻል፣ ጠላት ያሳድዳል፣ ጓደኛ ይከተላል፤ ሁሉም አንዱን መዝጊያ ይፈልጉታል። በሩ ወዴት ይዞራል? በሚዞርበት ላይ የቆመ ካለስ? የሚሸሽ ሰው ዞሮ ለመዝጋት ጊዜ አለው ወይ? ጠላት በተዘጋው በር ጀርባ ያለውን አየ ይባላል ወይ? እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ስሌትና የራሱ የእንቅስቃሴ ሥዕል ይፈልጋል።

ኢንግላንድ ካነሣቻቸው ጥያቄዎች በየሳሎኑ በጣም የሚታየው ሁለት ተጫዋች ሲኖር የሚነሣው ነው። አንዱ አልፎ በሩ ከኋላው ቢቆለፍ ሌላው ምን ይሁን? አንዳንድ ጨዋታ የቀረውን ሰው አንሥቶ ከፊተኛው አጠገብ ያደርሰዋል። ሌላው፣ ለምሳሌ በ2021 የወጣው ኢት ቴክስ ቱ፣ ሁለቱም ካልተባበሩ የማይከፈቱ በሮች አሉት። ስለዚህ አንዱ ልጅ በር ላይ ቆሞ ወንድሙን «ና! ና እንጂ!» እያለ ሲጣራ ብትሰሙ ጨዋታው ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት፤ በሩ ሁለተኛውን ሰው እየጠበቀ ነው።